የግንበኞቹ ልጆች ካህን፦ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የምታከብረው ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በአገራችን ምእመናን ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በትምህርት ቤቶቹና በሙያ ማሠልጠኛዎቹ ነው። የዶን ቦስኮ ስም በመቐለም ሆነ በአዲስ አበባ መካኒሳ ሲነሣ ወዲያው በአእምሯችን የሚመጣው የወጣቶች የኳስ ሜዳ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍል ነው። ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ግን ይህ ቅዱስ የሕንፃ ሥራ ልጆች ካህን እንደ ነበረ ብዙዎቻችን አናስተውልም። በመጀመሪያ በዙሪያው የተሰበሰቡት ጡብ የሚሸከሙ፣ ኖራ የሚያቦኩ፣ ከመወጣጫ መወጣጫ የሚዘሉ ብላቴኖች ነበሩ። ይህን የሕይወቱን ክፍል በዚህ እትም ለማቅረብ የወደድነው፣ በልደታና በአካባቢዋ ወጣቶች በየክረምቱ የድኾችንና የአረጋውያንን ቤት ለመጠገን ስለሚሰማሩ፣ እነርሱን የሚልኩ ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ከዚህ ካህን አሠራር የሚያገኙት ብዙ ነገር ስላለ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ቀኖችና ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እናሳስባለን።

ዮሐንስ ቦስኮ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ ግዛት፣ ከካስቴልኑኦቮ ዳስቲ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ቤኪ በተባለች ትንሽ መንደር ኦገስት 16 ቀን 1815 ተወለደ። አባቱ ፍራንቼስኮ ገበሬ ነበር። በ1817 አንድ ቀን ከሥራ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰና ወደ ቀዝቃዛው ምድር ቤት ገባ፤ በዚያው የሳንባ ምች ይዞት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። ዮሐንስ በዚያን ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እናቱ ማርጋሪታ ኦኪዬና ማንበብና መጻፍ የማታውቅ፣ ነገር ግን እምነቷና ብልኃቷ የጠነከረ ሴት ነበረች፤ ሁለቱን ልጆቿንና የባሏን የፊት ሚስት ልጅ አንቶኒዮን በአንድ ጎጆ፣ በአንድ ማዕድ አሳደገች።

ልጁ ዮሐንስ ቅልጥፍናው ከዕድሜው በላይ ነበር። በገመድ ላይ መራመድን ተለማምዶ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ ያጫውት ነበር፤ ትርዒቱንም በጸሎት ያስጀምር ነበር። አንድ ጊዜ ግን የወፍ ጎጆ ለማውረድ ከትልቅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ከቅርንጫፉ ጫፍ መመለስ ስላቃተው ወደቀና ክፉኛ ተጎዳ። የሕይወቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ልጅነት ጨዋታ ይተርኩታል። እኛ ግን የልጅ ድፍረት ከልጅ አቅም ቀድሞ እንደሚሄድ ያን ቀን በአካሉ እንደ ተማረው እንቈጥራለን።

ታላቅ ወንድሙ አንቶኒዮ መማሩን ስለ ተቃወመ፣ ዮሐንስ ገና በ12 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ሞሊያ በተባሉ ቤተሰቦች እርሻ የከብት ጠባቂና የጓሮ ሠራተኛ ሆኖ ወደ ሁለት ዓመት ያህል ተቀጠረ። ኋላም ኪዬሪ በተባለች ከተማ ሲማር ለምግቡና ለመኝታው የሚከፍለውን ለማግኘት በቡና ቤት አገለገለ። በዚያም ማታ የሚተኛው ከአንድ ትንሽ የመጋገሪያ ምድጃ በላይ ባለች፣ በመሰላል በሚወጡባት ጠባብ ቦታ ነበር። ልብስ መስፋትንም፣ የብረት ሥራንም በየጊዜው ተማረ። ስለዚህ ስለ ልጆች ሥራ ሲናገር ከመጽሐፍ ያገኘውን ሳይሆን ያለፈበትን ነበር የሚናገረው።

ጁን 5 ቀን 1841 በቶሪኖ ከተማ ክህነትን ተቀበለ። መንፈሳዊ አባቱ ቅዱስ ዮሴፍ ካፋሶ ከሌሎች ወጣት ካህናት ጋር ወደ ወኅኒ ቤቶች ይዞት ይሄድ ጀመር። በዚያ ያየው ነገር ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ነበር፤ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች በርኩስ ክፍሎች ታጉረው፣ ተፈትተው ከወጡ በኋላም የሚቀበላቸው ሰው አጥተው ተመልሰው ይገቡ ነበር። ዶን ቦስኮ ያን ጊዜ በልቡ የቈረጠው ነገር ቀሪ ሕይወቱን ሁሉ የመራ ነው፤ ልጁ ከወደቀ በኋላ ከማንሣት ሳይወድቅ መያዝ እንደሚሻል አመነ።

ቶሪኖ በዚያ ዘመን በፍጥነት የምታድግ ከተማ ነበረች። መንገዱም፣ መኖሪያ ቤቱም፣ ድልድዩም ይሠራ ነበር። በየዓመቱ የጸደይ ወራት ሲገባ ከየተራራው፣ ከቢዬላ፣ ከቫልሴዚያና ከሎምባርዲያ ልጆች ሥራ ፍለጋ ይጐርፉ ነበር። የሕንፃ ሥራ ጀማሪ ልጅ ዕጣ ፈንታ የታወቀ ነው፤ ኖራውንና ጡቡን በትከሻው ተሸክሞ በመሰላል ይወጣል፣ ዋናው ግንበኛ ሲቆጣ ይመታል፣ ሲታመም ከደመወዙ ይቀነሳል፣ ክረምት ሲመጣ ይሰናበታል። ጠባቂ ሕግም አልነበረም። የኢጣሊያ መንግሥት ስለ ልጆች ሥራ አጠቃላይ ሕግ ያወጣው በ1886 ሲሆን፣ ያም ቢሆን ከ9 ዓመት በታች ያሉትን ብቻ ነበር ከፋብሪካ ያስቀረው።

ዲሴምበር 8 ቀን 1841፣ በእመቤታችን የፅንሰቷ በዓል ቀን፣ ዶን ቦስኮ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ በዕቃ ቤት የቆመ አንድ ወጣት ሲደበድብ ሰማ። ባርቶሎሜኦ ጋሬሊ ይባላል፤ ከአስቲ የመጣ፣ አባትና እናት የሌለው፣ 16 ዓመት የሆነው የግንብ ሠራተኛ ነበር። ማንበብም መጻፍም፣ ቅዳሴ ማገልገልም አያውቅም። ዶን ቦስኮ አስጠርቶ አረጋጋው፤ ሌላ ጥያቄ ሁሉ አልሆን ሲለው ማፏጨት ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ልጁም ፈገግ አለ። ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ሰላምታ ለኪ ማርያም የመጀመሪያው ትምህርተ ክርስቶስ ተጀመረ። በሚቀጥለው እሑድ ባርቶሎሜኦ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ኦራቶሪ የተባለው የዶን ቦስኮ የልጆች ማኅበር ልደቱን የሚቈጥረው ከዚህ ቀን ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ዶን ቦስኮ እሑድ አስተምሮና አጫውቶ ልጆቹን አላሰናበተም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወደሚሠሩበት ሕንፃ ይሄድ ነበር። ከመወጣጫው ሥር ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ይጠራል፣ ከዋናው ግንበኛ ጋርም ይወያያል። ልጁ የት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሸከም፣ ማን እንደሚያዘው ያውቃል። አንዳንድ አሠሪዎች መጀመሪያ ላይ ቢከፋቸውም፣ ካህን የሚጠይቃቸው ልጆች ታማኞች ሆነው ሲያገኙአቸው ደስ ይላቸው ጀመር።

ማኅበሩ ግን ለጊዜው ቤት አልነበረውም። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ተባረረ፤ ጎረቤቶች የልጆቹን ጩኸት አልታገሡም። በመጨረሻ በትንሣኤ ቀን፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1846፣ በቫልዶኮ ሰፈር የፒናርዲን የዕቃ መጠለያ ተከራይቶ ጸሎት ቤት አደረገው። በዚያው ዓመት በጽኑ ታመመ፤ ሊሞት ሲል ልጆቹ በየቤተ ክርስቲያኑ ጾመውና ጸልየው ዳነ። በኖቬምበር ወር ሲመለስ እናቱ ማርጋሪታ ቤቷን ትታ ከእርሱ ጋር መጣች፤ ከዚያ ወዲህ የልጆቹ ሁሉ እማማ ሆነች። በ1847 የግንቦት ወር አንድ ዝናባማ ማታ፣ ከቫልሴዚያ የመጣ፣ የግንብ ሥራ የሚፈልግ፣ ወላጅ የሌለው ልጅ በራቸውን አንኳኳ። ልብሱ ርሶ ነበር። እማማ ማርጋሪታ እሳት አንድዳ፣ ሾርባ ሰጥታ፣ በወጥ ቤቱ ውስጥ በጡብና በእንጨት አልጋ ሠርታ አስተኛችው። ለድኻ ልጆች ቤት የመሥራቱ ሐሳብ ከዚህች ማታ ጀምሮ ሥጋ ለበሰ።

በ1850 ዶን ቦስኮ ለሠራተኞቹ ልጆች የመረዳጃ ማኅበር አቋቋመ። አባሉ በየእሑዱ አንድ ሶልዶ ያዋጣል፤ የታመመ እንደ ሆነ እስኪድን በየቀኑ 50 ሳንቲም ይሰጠዋል። ዕድርን የሚያውቅ የልደታ ሰው የዚህን ማኅበር አሠራር ለመረዳት ማስረጃ አያሻውም። ልዩነቱ የእኛ ዕድር በሞት ጊዜ ሲደርስ፣ የልጆቹ ማኅበር በሕመምና በአደጋ ጊዜ መድረሱ ነው።

በ1851 እና በ1852 ያደረገው ነገር ግን ከሁሉ የሚልቅ ይመስለናል። ልጅ ወደ ሥራ ሲገባ በቃል ስምምነት ብቻ መላክ ዋስትና እንደማይሆን ስላየ፣ በሕግ ወረቀት ውል ይጽፍ ጀመር። በኖቬምበር 1851 ጁዜፔ ቦርዶኔ ለተባለ ልጅ ከአንድ የመስተዋት ሥራ ባለሙያ ጋር የተዋዋለው ሰነድ ዛሬም አለ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1852 ደግሞ ከሞንዶቪ ለመጣው ለጁዜፔ ኦዳሶ፣ ከአናጢው ጁዜፔ ቤርቶሊኖ ጋር የሁለት ዓመት ውል ተፈረመ። በውሉ አናጢው ሙያውን ያለ ማጓደል ያስተምራል፤ ልጁ ሲሳሳት በቃል እንጂ በሌላ መንገድ አይገሥጸውም፤ ሥራ ሲሰጠው ዕድሜውንና ችሎታውን ይመለከታል፤ ከሙያው ውጭ ያለ ሥራ አያዝዘውም፤ በዓላትን ነጻ ይለቅለታል፤ በዓመት የ15 ቀን ዕረፍት ይሰጠዋል፤ በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ደመወዝም ይከፍለዋል። ልጁም በበኩሉ ለመታዘዝና ለመትጋት ይገባል።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ዕድሜና ስለ ችሎታ የገባውን ቃል በጥንቃቄ ተመልከተው። በዚያ ዘመን አሠሪ ልጅን የሚመዝነው በሚሸከመው ሸክም ነበር። ዶን ቦስኮ ግን ሸክሙ በልጁ እንዲለካ በጽሑፍ አስገደደ። የመንግሥት ሕግ እዚያ ለመድረስ ከ30 ዓመታት በላይ ቆየ። በአገራችን ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራትን አይፈቅድም። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የተጻፈው ለቀጣሪና ለተቀጣሪ ነው። በፈቃዱ፣ ያለ ደመወዝ፣ ለነፍሱ ብሎ የጎረቤቱን አሮጊት ቤት ሊጠግን የሄደ የ14 ዓመት ልጅ ቀጣሪ የለውም፤ ውልም የለውም። ታዲያ ቆርቆሮው ሲቈርጠው ኃላፊው ማነው? ወደዚያ የላከው ቁምስና ወይም ማኅበር መሆን አለበት እንላለን፤ ዶን ቦስኮ በውሉ ግርጌ እንደ ዋስ የፈረመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1852 የበጋ መጀመሪያ፣ ጁን 20 ቀን፣ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳልስ ቤተ ክርስቲያን በቫልዶኮ ተባረከ። ዶን ቦስኮ ወዲያው ከአጠገቡ ለድኻ ልጆች መኖሪያ የሚሆን ባለ ፎቅ ቤት ማሠራት ጀመረ። ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ ልጆቹ ግን ብዙዎች ነበሩ፤ ብርዱም እየቀረበ ስለ ነበር ሥራው በጥድፊያ ሄደ። አስቀድሞ የመወጣጫው እንጨት ተሰብሮ ሠራተኞች ተጎድተው ነበር። ግድግዳው እስከ ጣራ ደርሶ፣ የጣራው እንጨት ተጋድሞ፣ ሸክላው ለመክደን ተከምሮ ሳለ ለቀናት የማያባራ ዝናብ መጣ። ውኃው በእንጨቶቹ ላይ እየወረደ ገና ያልደረቀውን ምርግ አጥቦ ጡቡንና ድንጋዩን እርቃኑን አስቀረው። በዲሴምበር 1 ለ2 አጥቢያ ሌሊት፣ ልጆቹ ከአጠገቡ ባለው አሮጌ ቤት ተኝተው ሳሉ፣ አዲሱ ሕንፃ ከላይ እስከ ታች ተናደ። ዶን ቦስኮ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወደ ልጆቹ ሮጠ። አንድም ሰው አልሞተም፣ አንድም ልጅ አልቆሰለም። ሰው ሁሉ ይህን የእግዚአብሔር ጥበቃ አለው፤ እርሱም እግዚአብሔርን አመሰገነ። ቤቱ በ1853 እንደ ገና ከመሠረቱ ተሠራ፤ ልጆቹም በዚያው ዓመት መጸው ገቡበት።

ይህ ታሪክ ለእኛ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም። የቶሪኖ ግንበኞች በዝናብና በብርድ ወራት ሥራ ያቆማሉ፤ የእኛ ወጣቶች የበጎ ፈቃድ ግንባታ ግን የሚጀምረው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ማለትም ሰማዩ ሲከፈት ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ብዙው የልደታ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ቢተካም፣ በየጓሮው የቀሩት የጭቃ ቤቶች ውኃ ጠጥተው የከበዱ፣ ማገራቸው በምስጥ የተበላ፣ ጣራቸው በድንጋይ ክብደት የተያዘ ናቸው። ሐምሌ ላይ እንዲህ ያለውን ግድግዳ የሚደገፍ ልጅ ምን እንደሚደገፍ አያውቅም። የዛገው ቆርቆሮ እንደ ምላጭ ይቈርጣል፤ ከአሮጌ አጣና የተነቀለ ሚስማር በጫማ ሥር ገብቶ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን ሕመም ያመጣል፤ ከቤት ወደ ቤት የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ በዝናብ ጊዜ ገዳይ ነው። በዚህ ላይ የወጣቱ ቅንዓት ይጨመርበታል፤ ከጓደኛው ላለማነስ ከፍ ብሎ ይወጣል። ቅንዓቱን የምንወደውን ያህል ልንፈራው ይገባል።

ዶን ቦስኮ ወጣቶችን ለአደገኛ የምሕረት ሥራ እንዴት እንዳሰማራ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በ1854 ነው። በዚያ ዓመት በጋ ኮሌራ ቶሪኖ ገባ፤ ከሁሉ ይበልጥ የጠናውም በቫልዶኮ አካባቢ በሚኖሩ ድኾች ላይ ነበር። ሰዎች በሽተኛውን ትተው ይሸሹ ነበር። ኦገስት 5 ቀን ዶን ቦስኮ ልጆቹን ሰብስቦ ፈቃደኞችን ጠየቀ። በመጀመሪያ 14፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሌሎች 30 ተነሡ። ሁሉንም በአንድነት አላሰለፋቸውም። በዕድሜና በአቅም ለሦስት ከፈላቸው። ታላላቆቹ በሕሙማን መጠለያና በየቤቱ ገብተው ሙሉ ጊዜያቸውን ያስታምማሉ፤ ሁለተኛዎቹ በየመንገዱ እየዞሩ የተጣለ በሽተኛ እንዳለ ያያሉ፣ ያመለክታሉ፤ ታናናሾቹ በኦራቶሪ ሆነው ጥሪ ይጠብቃሉ፣ የተፈለገውን ዕቃ ያቀብላሉ። እያንዳንዱ ልጅ ኮምጣጤ የያዘ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፤ በሽተኛ ከነካ በኋላ እጁን በእርሱ ይታጠባል። በሽተኛውን እንዴት ማሸትና ማሞቅ እንደሚገባም አስቀድሞ ተምሯል። በአንገታቸው የእመቤታችንን ሜዳልያ አደረጉ፤ ከኃጢአትም እንዲርቁ አዘዛቸው። ጸሎቱ ኮምጣጤውን አላስቀረውም፤ ኮምጣጤውም ጸሎቱን። እማማ ማርጋሪታ የአልጋ ልብስ አልቆ የገበታውን ጨርቅ፣ በመጨረሻም ከመሠዊያው ልብስ ሰጠች። ወረርሽኙ በመጸው ወራት ሲያበቃ ከእነዚያ ወጣቶች መካከል በኮሌራ የተያዘ አልነበረም። ከእነርሱ ጋር ከነበሩት አንዱ ዮሐንስ ካልየሮ ኋላ በደቡብ አሜሪካ ታላቅ ሐዋርያ፣ በመጨረሻም ካርዲናል ሆነ፤ በዚያ ጊዜ ዕድሜው 16 ነበር።

በእኛ አካባቢ ይህ የሦስት ክፍል አሠራር ሳይለወጥ ሊያገለግል ይችላል። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግንባታ በሚካሄድበት ግቢ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ለሠራተኞቹ ውኃና ምሳ ማድረስ፣ አሮጊቷን በጎረቤት ቤት ሆኖ ማጫወት፣ ከሥራው በፊት በየቤቱ እየዞረ ልብስና ዕቃ መሰብሰብ ግን ታናሽ አገልግሎት አይደለም። ከዚያ በላይ ያለው፣ 18 ዓመት እስኪሞላው፣ ጭቃ በማቡካት፣ ከሁለት ሰው ጋር ሆኖ ያልተሞላ ባሬላ በመያዝ፣ ቀለም በመቀባት ሊሠራ ይችላል። ማፍረስ፣ ጣራ ላይ መውጣት፣ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያና ሽቦ መንካት ግን ለአዋቂና ለባለሙያ የተለየ ይሁን። በአገራችን ከ1993 ጀምሮ ለድኾች ቤት ሲሠራ የቆየው ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው ድርጅት፣ በተነሣበት በአሜሪካ አገር ባለው ደንቡ፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ግንባታ በሚካሄድበት ቦታ አያስገባም፤ 16ና 17 ዓመት የሆናቸውንም ከማፍረስ፣ ከጣራና ከሞተር መሣሪያ ይከለክላል። ከእኛ ምክር የጠበቀ ነው፤ የሚጠብቀውን የመረጠ ቁምስና አይሳሳትም። ጫማና ጓንት ሳይኖር ሥራ እንዳይጀመር፣ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት ግድግዳውን ባለሙያ አይቶ ሳይፈቅድ ማንም እንዳይጠጋ ማዘዝ ገንዘብ አይጠይቅም ለማለት ይቻላል፤ የሚጠይቀው ለማዘዝ የሚደፍር ሰው ነው።

ዶን ቦስኮ ልጆቹን በከተማው አሠሪዎች ዘንድ መላክ እንዳልበቃ ስላየ በራሱ ግቢ የሥራ ክፍሎችን ከፈተ። በ1853 የጫማና የልብስ ስፌት፣ በ1854 የመጽሐፍ ጥረዛ፣ ቀጥሎም የእንጨት ሥራ፣ የማተሚያና የብረት ሥራ ተከተሉ። ዲሴምበር 18 ቀን 1859 የሳሌዚያን ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1872 ከቅድስት ማርያም ማዛሬሎ ጋር የደናግሉን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1875 የመጀመሪያዎቹን ሐዋርያት ወደ አርጀንቲና ላከ። ጁን 9 ቀን 1868 የተባረከውን የክርስቲያኖች ረዳት የማርያምን ታላቅ ቤተ ክርስቲያንም ያሠራው እርሱ ነው። እነዚህ ሥራዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ በሌላ እትም እንመለስባቸው ይሆናል።

በ1877 የማስተማሪያ መንገዱን በአጭር ጽሑፍ አስቀመጠ። የመከላከል ዘዴ ብሎ ጠራው። ይዘቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ሕጉን ልጆች አስቀድመው እንዲያውቁት ማድረግ፣ ከዚያም ኃላፊው እንደ አባት ዐይኑን ሳይነቅል በመካከላቸው መገኘት፤ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ከመቅጣት ይልቅ እንዳይደርስ ማድረግ። ይህ ስለ ምግባር የተነገረ ነው፤ ግን ስለ መሰላልና ስለ ሚስማርም የተነገረ ያህል ነው። ደንብ ጽፎ በግድግዳ ላይ ለጥፎ ወደ ቢሮው የሚመለስ ኃላፊ የዚህን ዘዴ ግማሹን ብቻ ነው የፈጸመው። ሌላው ግማሽ ቁሞ ማየት ነው፤ ለሃያ ልጆች አንድ መምህር ልኮ ዐይን አለብን ማለት አይቻልም።

ዶን ቦስኮ ጃንዋሪ 31 ቀን 1888 በቶሪኖ ዐረፈ፤ 72 ዓመት ሆኖት ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1929 ብፁዕ፣ በትንሣኤ ቀን ኤፕሪል 1 ቀን 1934 ቅዱስ ብለው አወጁት። በ1958 ፒዮስ 12ኛ የኢጣሊያ ሙያ ተማሪ ሠራተኞች ጠባቂ አደረጉት። የሳሌዚያን ካህናት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1975 ሲሆን ሥራቸውን በመቐለ ጀመሩ።

የጁዜፔ ኦዳሶ ውል በሮም በሳሌዚያን ማኅበር ቤተ መዛግብት ይገኛል። በግርጌው የአናጢው፣ የልጁ፣ የልጁ አባትና የካህኑ ስም ተከታትሎ ሰፍሯል።